ድምፅ የተሰጠበት ጋላክሲ

በደርግ ዘመን ሊታሰር የነበረ ሰው ምክንያቱን ብትጠይቁት አንዱ በራሪ ወረቀት፣ አንዱ የወንድሙን ስም፣ አንዱ የጎረቤቱን ቂም ይነግራችኋል። እኔ ለመታሰር አንድ ሐሙስ የቀረኝ በጋላክሲ ነው። ይህን ታሪክ በየሰርጉ ሳወራው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን እውነቱን እዘለዋለሁ። ዛሬ ሳልዘል ልናገረው ነውና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት የቡና ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ከዚያ ወጥተው ዛሬ ትልልቅ ሰው የሆኑ አሉ፣ ደስ አይላቸውም። ቀጭን ነበርኩ፣ አፍሮ ነበረኝ፣ በከተማውም ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ለዚህ ትዕቢቴ ስንቅ የሚያቀብለኝ ሰይፉ ነው። ሰይፉ የልጅነት ጓደኛዬ ሲሆን ጅማ ኮሌጅ ያስተምራል፤ በቾ ቦሬ በሚባለው የጅማ ሰፈር ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጅማ ገብቼ እሱ ቤት ምሳ እበላለሁ። ስመለስ የውጭ አስተማሪዎች ጥለውት የሄዱትን መጽሔት በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጠኛል።

"ከእኔ አገኘሁ እንዳትል" ይለኛል ሁልጊዜ።

"እንዴ! እኔን ነው?" እለዋለሁ፣ ተቀይሜ።

የዋዛ አደራ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝኛ መጽሔት ማን ሰጠህ ተብሎ መጠየቅ ማን መለመለህ ተብሎ መጠየቅ ነበር።

ከእነዚያ መጽሔቶች በአንዱ ውስጥ ነው ያንን ሥዕል ያየሁት። ጋላክሲ ማለት ቢሊዮን ከዋክብት በአንድነት የሚኖሩበት ታላቅ መንደር ነው፤ የእኛ ፀሐይም የአንዱ መንደር ነዋሪ ናት። ብዙዎቹ ጠመዝማዛ ወይም እንቁላል መሳይ ናቸው። ይኼኛው ግን ቀለበት ነበር። መሃሉ ላይ የሸመገሉ ቢጫ ከዋክብት የተከማቹበት ድብልብል፤ በዙሪያው ባዶ የሚመስል ጨለማ፤ ከጨለማው ወዲያ ደግሞ ትኩስ፣ ሰማያዊ፣ ወጣት ከዋክብት የሞሉበት ፍጹም ክብ። አይቼ አልጠግብ አልኩ። ሌሊት በህልሜ ሁሉ መጣ።

እንዴት እንደዚህ ሆነ? ጽሑፉ ሦስት ግምት ያቀርባል። አንደኛው፣ ሌላ ትንሽ ጋላክሲ መሃሉን በስቶት አለፈ፤ ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር እንደሚሆነው ማዕበሉ እየሰፋ ሄዶ በዳሩ አዳዲስ ከዋክብት ወለደ። ሁለተኛው፣ ጥንት መሃሉ ላይ የነበረ የከዋክብት ዘንግ ሲሽከረከር ጋዙን ወደ ዳር ሰበሰበው፤ በኋላ ዘንጉ ራሱ ፈረሰ። ሦስተኛው፣ የጎረቤቱን ጋላክሲ ጋዝ ቀምቶ በወገቡ ዙሪያ ታጠቀው። ጽሑፉ ያለቀው "ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም" በሚል ዓረፍተ ነገር ነው።

የትምህርት ቤቱን የግድግዳ ጋዜጣ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የመሃሉ ቦታ በየሳምንቱ ለጓድ ተሰማ የተያዘ ነው። ጓድ ተሰማ የከተማዋ ካድሬ ነው፤ ስለ ቡና ርክክብ ይጽፋል፣ እኛም እናጨበጭባለን። የሠራተኞች ቀን በሚከበርበት ሰሞን ግን ጅማ ለስብሰባ ሄዶ ጽሑፉ ቀረ። ባዶ ቦታ መተው ደግሞ ዝምታ ነው፤ ዝምታም ያኔ አቋም ነበር። ስለዚህ ጋላክሲዬን በቀለም አሣምሬ ሣልኩት፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩና በጓድ ተሰማ ቦታ ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስለ ሣር ሥር እያስተማርኩ ሳለ የቀበሌው ጥበቃ በር ላይ ቆመ።

"መምህር፣ ጓድ ተሰማ ይፈልጉሃል።"

"ከክፍለ ጊዜው በኋላ እመጣለሁ።"

"አሁን ነው ያሉት። ጋቢህንም ያዝ ብለዋል።"

ጋቢ ይዘህ ና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከአንደኛ ክፍል ልጅ ጀምሮ ያውቀዋል። ከእኔ በፊት የነበረው የታሪክ አስተማሪ "ለአንድ ጥያቄ" ጋቢውን ይዞ ሄዶ ጥያቄው ስምንት ወር ፈጅቶበታል።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተወረሰ የአንድ ቡና ነጋዴ ቤት ነው። ከጀርባው ያለው የቡና መጋዘን እስር ቤት ሆኗል። ጓድ ተሰማ ጋላክሲዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። አጠገቡ መጽሔቱ ተቀምጧል፤ እኔ ሣር ሳስተምር ቤቴ ተበርብሯል ማለት ነው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጋላክሲ ነው፣ ጓድ።"

"ማንበብ እችላለሁ። መሃል ላይ ያሉት ምንድናቸው?"

"ያረጁ ከዋክብት።"

"ዳር ያሉትስ?"

"ወጣቶች።"

"በመካከላቸው?"

"ጨለማ... ማለቴ ክፍተት።"

በጣቱ መቁጠር ጀመረ። "ማዕከሉ አርጅቷል። ወጣቱ ከማዕከሉ ተነጥሏል። በመካከላቸው ጨለማ ነው። ይሄን ደግሞ የሠራተኞች ቀን ሊከበር ሲል፣ በእኔ ቦታ ላይ ለጠፍክ።"

"ጓድ፣ ከፎቶግራፍ ላይ ነው የሣልኩት። ሲታይ እንደዚህ ነው።"

"ፎቶውን ማን አነሳው?"

"ፈረንጆች።"

"ስለዚህ የታየው ከእነሱ ማዕዘን ነው። ከእኛ ማዕዘን ቢነሳ ክፍተቱ ይታይ ነበር?"

ከምድር ላይ ከየትም ቢነሳ ያው መሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ጭኔ ላይ ያለውን ጋቢ ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

"ይሄ ሁሉ ይቅር" አለ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ እያመለከተ። "'የሚያውቅ የለም' ብለሃል። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የማያውቀው ነገር አለ ነው የምትለው?"

"ጓድ፣ የሳይንስ ሰዎች ገና..."

"መጽሔቱን ማን ሰጠህ?"

"ተማሪ ሳለሁ ነው የገዛሁት።"

የፊት ገጹን ገለጠና የታተመበትን ቀን አሳየኝ። እኔ ከተመረቅሁ በኋላ የወጣ ነበር። አልጮኸም፣ ጠረጴዛም አልደበደበም። ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀምጦ ተነሣ።

"የሰጠህን ሰው ስም ጻፍ። ስመለስ ካልጻፍክ ጋቢህን የት እንደምታነጥፈው ያሳዩሃል" ብሎ ወጣ።

ከጀርባ ካለው መጋዘን ሰው ሲስል ተሰማኝ። ደረቅ፣ ረጅም ሳል ነው።

በየሰርጉ ሳወራ እዚህ ስደርስ "ወረቀቱን ባዶውን መለስኩለት" እላለሁ። ውሸት ነው። ጻፍኩ። የሰይፉን ስም ጻፍኩ፣ የአባቱን ስም ጻፍኩ፣ የሚያስተምርበትን ኮሌጅ ጻፍኩ፣ የቤት ቁጥሩን ሳይቀር ጻፍኩ። የቤት ቁጥሩን ማንም አልጠየቀኝም። ደግሞ ጽሕፈቴ እንዳያስቸግር ብዬ በጥንቃቄ ጻፍኩት፤ አስተማሪ አይደለሁ?

ጓድ ተሰማ ተመልሶ አነበበው፣ አራት ቦታ አጠፈውና ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጅማ ሊደውል ወደ ሌላው ክፍል ገባ። መስመሩ ስለማይሰማ እየጮኸ ነበር።

"አዎ ጓድ! ጋላክሲ! ... አይደለም፣ መኪና አይደለም! ሰማይ ላይ ያለ ነው! ... አዎ፣ አስተማሪው እጄ ላይ ነው! ... አመጣጡ? ... አቤት? የእኛ አቋም?"

ሲመለስ ፊቱ እንደ እኔው ፊት ሆኖ ነበር። ያኔ ነው መጀመሪያ እሱም እንደሚፈራ ያወቅሁት። ከጅማ የመጣው ትእዛዝ "ሰፊውን ሕዝብ አወያይታችሁ ትክክለኛውን የጋላክሲ አመጣጥ ከነአቋማችሁ እስከ ማታ አሳውቁ" የሚል ነው።

"ሪፖርቱን በአሥራ ሁለት ሰዓት መኪና እልካለሁ" አለኝ። "ስሙም አብሮ ይሄዳል።"

እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የማየው ደረት ኪሱን ብቻ ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያቺ ወረቀት ከዚያ ኪስ ካልወጣች፣ ሰይፉ በማግስቱ ጋቢውን ይዞ ይወጣል። እሱ ደግሞ ጓደኛው ይህን እንዳደረገ እንኳ ሳያውቅ።

ስምንት ሰዓት ላይ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። አስተማሪዎች ከፊት፣ ገበሬ ማኅበር ከኋላ፣ በግራ በኩል ደግሞ በመንግሥት መጋዘን ቡና የሚያበጥሩት ሴቶች ከነሰፌዳቸው ተቀመጡ፤ ከሥራ ቀጥታ ነው የተጠሩት። ጋላክሲዬ ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ሁለታችንም ተከሳሾች ነን። መፈክር ከተሰማ በኋላ ጓድ ተሰማ አጀንዳውን አስተዋወቀ፦ "የቀለበት ጋላክሲ አመጣጥና የወቅቱ ተግባራችን።"

የመጀመሪያውን ግምት፣ ግጭቱን፣ አስረዳሁ። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ጓድ ደምሴ ወዲያው እጁን አወጣ። ሊያድነኝ ይሁን ራሱን ሊያድን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

"ጓዶች፣ እስቲ እናስተውል። ከውጭ የመጣ ኃይል መሃሉን በስቶ ሲያልፍ ውጤቱ ይህን የመሰለ ያማረ ቀለበት ነው ካልን፣ ወረራ ጥሩ ነው ማለታችን አይደለም ወይ?"

"ነው!" አለ አዳራሹ። "ወራሪዎች ይውደሙ!" የሚል መፈክር ተሰማ። ግጭቱ በሙሉ ድምፅ ወደቀ።

ከጎረቤት መቀማቱን አስረዳሁ። ይህ ጊዜም አልፈጀ። አንድ ገበሬ ከኋላ ተነሥቶ፣ "የሰው ማሳ ገፍቶ የሚያርስ እኛም አገር አለ፤ መሬት ላይ ሲያደርጉት ተስፋፊ ነው፣ ሰማይ ላይ ሲያደርጉት እንዴት ሳይንስ ይሆናል?" አለ። ጋላክሲው በተስፋፊነት ተወገዘ።

ቀረን ሁለተኛው። ዘንጉ ከውስጥ ተሽከርክሮ ከውስጥ ፈረሰ ስል የጓድ ተሰማ ፊት በራ።

"የውስጥ ቅራኔ!" አለ ተነሥቶ። "ለውጥ የሚመጣው ከውስጥ ነው! ይሄ ነው መስመሩ!" እጁ ወደ ሪፖርቱ ወረቀት ሲሄድ አየሁ። መስመሩ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ፤ ጉዳዩ ካለቀ ሪፖርቱ ከነስሙ ይሄዳል።

በዚህ መሃል ከሴቶቹ አንዷ ቆሙ። አዴ ፋጡማ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ያበጠሩ፣ ከካድሬም ከአስተማሪም ፊት አንገታቸውን የማይደፉ ሴት ናቸው።

"ያ ረቢ! ለዚህ ነው ከሥራ የጠራችሁን?" አሉ። "ይሄማ እኛ በየቀኑ የምንሠራው ነው። ሜ፣ እስቲ ልይ፣ ዞር በሉ።"

ሰፌዳቸውን ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ገና ያልተበጠረ ቡና አለበት፣ ፍሬና ገለባ የተቀላቀለ። አንጓለሉት። ክንዳቸው ብዙም ሳይንቀሳቀስ ቡናው መዞር ጀመረ። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። ገለባው ቀስ እያለ ወደ መሃል ተሰበሰበ፣ ፍሬው ዳር ዳሩን ያዘ፣ በመካከላቸው የሰፌዱ ስፌት ባዶውን ታየ። ሰሌዳው ላይ ያለው ጋላክሲዬ ሰፌድ ላይ ወረደ።

እመኑኝ፣ ለዚያች ለአንዲት ደቂቃ ሰይፉንም፣ ጋቢዬንም፣ ሁሉንም ረሳሁ። ከከተማው ሁሉ በላይ አውቃለሁ ባይ የነበርኩት ሰውዬ አንድ ዓመት ሙሉ ሴቶቹ በሚያበጥሩበት መጋዘን በር ሳልፍ ዞር ብዬ አላየሁም ነበር።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጓድ ተሰማ፣ "የጭቁኑ ሕዝብ ሳይንስ ይሄ ነው!" አለ። "ጓዲት ፋጡማ፣ ለተሰብሳቢው ያስረዱ። ዳር ላይ ያለው ምንድነው?"

"ፍሬው ነዋ።"

"መሃል ላይ፣ ማዕከሉ ላይ ያለውስ?"

"ገለባ።"

ጭብጨባው ቆመ።

"ምን አሉ?"

"ገለባ ነው፣ ልጄ። ወላሂ! ና እየው። ዝም ብሎ ቀላል ስለሆነ ነው መሃል የሚወጣው።" ከዚያ ጨመሩበት። "በኋላ እፍ ብለን እናስወግደዋለን።"

ከጓድ ተሰማ ራስ በላይ የሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ በመሃል፣ በግራና ቀኝ የጢማሞቹ ፈላስፎች ተሰቅለዋል። ማንም ወደዚያ ላለማየት አንገቱን አደነደነ። አንድ አስተማሪ ሳቁን በሳል ለመሸፈን ሲሞክር ትን አለው።

"ጓዲት... እርስዎ የሚሉት..."

"እኔ የምለው ስለ ቡና ነው። አንተ ስለ ምንድነው የምትለው?"

የዚህ ጥያቄ መልስ ከጋላክሲው አመጣጥ ይልቅ አደገኛ ነበር። ጓድ ተሰማ በመሀረብ ግንባሩን ጠረገ። የውስጥ ቅራኔም እንደዚሁ ወደቀ፣ ያለ ድምፅ።

"ታዲያ ከየት መጣ?" አለ በመጨረሻ። ሲናገር ካድሬ አይመስልም ነበር፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር።

"ሂን ቤኩ" አሉ አዴ ፋጡማ፣ ሰፌዳቸውን ወገባቸው ላይ እያስደገፉ። "አላውቅም። ሰማይ አበጥሬ አላውቅም። ያላወቁትን አላውቅም ማለት ነውር ነው እንዴ? አንተስ ታውቃለህ?"

እኔ ጠዋት በወንጀል የተያዝኩባት ዓረፍተ ነገር በከተማው ሕዝብ ፊት ቆማ ነበር፤ የሚይዛት ግን ጠፋ።

የታደገን ጓድ ደምሴ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል ተብሎ በየዓመቱ ሲጠየቅ በአንዲት መልስ ብቻ የኖረ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ጓድ ሰብሳቢ፣ 'አይታወቅም' ማለት የቡርዥዋ አነጋገር ነው። 'ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው' ብንልስ?"

ጓድ ተሰማ ከሞት የተነሣ መሰለ። "ይሄን የሚደግፍ?" አለ። የአዳራሹ እጅ በሙሉ ወጣ። አዴ ፋጡማም በአንድ እጃቸው ሰፌዳቸውን ይዘው አወጡ። እኔም አወጣሁ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም። ከቢሊዮን ከዋክብት አንዱም አልተጠየቀም።

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ቢሮው ውስጥ ሪፖርቱን ጽፎ ጨረሰ። መኪናው ውጪ ሞተሩን አስነሥቷል። ጣቴን ወደ ደረት ኪሱ ቀሰርኩ።

"ጓድ... ያቺ ወረቀት..."

ከኪሱ አወጣትና እንደገና አነበባት። "ጥፋት ከሌለ ጥፋተኛ መላክ እንዴት ይሆናል?" አለ ለራሱ። "ከላክሁትም 'ጠዋት ስሙን ካገኘህ ለምን ወዲያው አላሳወቅህም' ይሉኛል።" ወረቀቷን ወደ እኔ ገፋት። "አንተም አልጻፍክ፣ እኔም አላነበብኩ።"

ነጥቄ ተነሣሁ። በር ላይ ስደርስ ጠራኝ።

"መምህር ታደለ።"

"አቤት፣ ጓድ።"

"ስሙን ስትሰጠኝ እኔ እኮ ገና መቆጣት እንኳ አልጀመርኩም ነበር።"

እየሰደበኝ አልነበረም፤ ከልቡ ገርሞት ነው። ወረቀቷን እዚያው ደጃፉ ላይ አኝኬ ዋጥኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከስብሰባው ይብሳል። ከተማው ሒሳቡን ሠራ፦ መምህሩ ጠዋት ጋቢውን ይዞ ገባ፣ ማታ ወጣ፣ በማግስቱ ማንም አልተያዘም። ስለዚህ መምህሩ ብረት ነው! ቅዳሜ ጅማ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሰይፉ በር ላይ አቅፎኝ አለቀሰ። ሚስቱ በዚያ ሆዷ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል በስንት መከራ አስቆምኳት።

"ስሜን ሳታወጣ ዋልክ አሉ" አለኝ። "ሲያስፈራሩህ ምን አልካቸው?"

ያኔ መናገር እችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር፣ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። "ተው እንጂ፣ ምን አደረግሁና" አልኩ። ይህም ትሕትና ተባለ። ሰኔ ላይ ወንድ ልጅ ወለደችና ስሙን ታደለ አሉት፣ በእኔ ስም። ክርስትናም አነሣሁት።

አንባብያን ሆይ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ሰው በግርፋት ብቻ የሚሰበር ይመስለኝ የነበረው ቀረ። እኔን የሰበረኝ አንድ ጋቢና የማላውቀው ሰው ሳል ነው። መንግሥት ሲለወጥ "ማን ማንን አስያዘ" የሚል ኮሚቴ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ተቋቁሞ ንጹሕ ሰው ተብዬ ሰብሳቢ ሆንኩ። አንድም ሰው ላይ ልፈርድ አልቻልኩም። "ልበ ሰፊ ነው" ተባልኩ፤ ይሄው ነው እንግዲህ፣ ፈሪ ሲያረጅ ልበ ሰፊ ይባላል። የቀለበቱ ነገር ደግሞ፣ ብዙዎቹ ከግጭት እንደተወለዱ አሁን ይነገራል፤ ያ መሃሉ ድብልብል፣ ዳሩ ፍጹም ክብ የሆነው ዓይነት ግን ዛሬም ያከራክራቸዋል። አላውቅም ለማለት የሚደፍሩ ሰዎች ስለሆኑ አከብራቸዋለሁ።

ሰይፉ አምና አረፈ። በሙት ዓመቱ ላይ ልጁ ታደለ በሰው ፊት አስነሣኝና "አባቴ ሁሌ የሚያወራውን ያንን ቀን አንተ ራስህ ንገረን" አለኝ። ነገርኳቸው። ሰዉ "መኪና አይደለም!" በሚለው ስልክ ሳቀ፣ በተስፋፊው ጋላክሲ ሳቀ፣ በገለባው ጊዜማ ድንኳኑ ሊወርድ ነበር። ወረቀቱን ባዶውን መለስኩለት ስል ልጁ አለቀሰ፤ ተነሥቶም እጄን ሳመ።

የተሳመውን እጄን ይዤ ቤቴ ገባሁና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ልጄ ታደለ፣ አባትህን ያዳነችው ቡና የምታበጥር አንዲት ሴት ናት። እኔ አሳልፌ ሰጥቼው ነበር።